ሚዲ ፕሮግራሚንግ ለጀማሪዎች፦ የመጀመሪያዎቹን 8 ባሮች ደረጃ በደረጃ

የሙዚቃ መሥሪያ ሶፍትዌሩን ጭናችሁ፣ የፒያኖ ቁልፍ ያለውን ሚዲ ኪቦርድ ሰክታችሁ ቁልፉን ስትነኩት ምንም ድምፅ የለም። ወይም ድምፁ ይወጣል፤ ግን ዘግይቶ ነው። ወይም ሁሉም ነገር ይሠራል፤ የሠራችሁት ድራም ግን ነፍስ የለውም። ሚዲ የሚጀምሩ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ተስፋ የሚቆርጡት ከእነዚህ ሦስት ቦታዎች በአንዱ ላይ ነው። ሦስቱም መፍትሔ አላቸው። ቅደም ተከተሉን ካልጠበቃችሁ ግን አንዱን ስትፈቱ ሌላው ይመጣል።

እዚህ የምንሠራው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ድራም፣ ቤዝና ኮርድ (አብረው የሚሰሙ ኖቶች) ያለበት የ8 ባር ሙዚቃ። ባር ማለት እዚህ አራት ምት የሚይዝ የሙዚቃ ክፍል ነው። እሱ እስኪያልቅ ድረስ ሌላ ነገር አትክፈቱ። አዲስ ፕለጊን (ሶፍትዌሩ ውስጥ የሚገባ ተጨማሪ ፕሮግራም) ማውረዱም፣ ድምፅ ማማረጡም፣ ኢፌክት መደርደሩም ይቆይ። አጭርም ቢሆን አንድ ሥራ ከዳር ያደረሰ ሰው፣ 20 ፕሮጀክት ጀምሮ ከተወ ሰው የበለጠ ሚዲን ያውቃል።

## መጀመሪያ ይህን ያዙ

ሚዲ ድምፅ አይደለም፤ ትእዛዝ ነው። «60ኛውን ኖት በ90 ኃይል ጀምር»፣ ቀጥሎ ደግሞ «60ኛውን ኖት አቁም» ይላል፤ በቃ። ድምፁን የሚሠራው ትእዛዙን የተቀበለው መሣሪያ ነው።

ስለዚህ መንገዱ አራት ቦታዎች አሉት። አንደኛው ትእዛዙን የሚልከው ነው፤ ኪቦርድ ወይም በማውዝ የተሳለ ኖት ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ትእዛዙን የሚይዘው ትራክ ነው። ሦስተኛው ድምፁን የሚሠራው ፕለጊን፣ አራተኛው ደግሞ ድምፁን ወደ ጆሮ የሚያደርሰው የኦዲዮ መሣሪያ ነው። ድምፅ ጠፋ ማለት ከአራቱ አንዱ ጋ ተቆርጧል ማለት ነው።

ሁለት ቁጥሮችንም ልመዱ። ኖቶች ከ0 እስከ 127 ይቆጠራሉ። የምቱ ኃይል፣ ማለትም ቨሎሲቲ፣ ከ1 እስከ 127 ይሄዳል። የፒያኖው መሀል ሲ ሁልጊዜ 60 ነው። ስሙ ግን ከሶፍትዌር ሶፍትዌር ይለያያል፤ ኤብልተን ላይቭ ሲ3 ይለዋል፣ ሪፐር ሲ4፣ ኤፍኤል ስቱዲዮ ደግሞ ሲ5። ከአንድ ቪዲዮ ላይ ኖት ቀድታችሁ ድምፁ በአንድ ኦክታቭ ከወረደ ወይም ከወጣ ምክንያቱ ይኸው ነው። ስሙን ትታችሁ ቁጥሩን እመኑ። እኔም ከዚህ በታች ቁጥሩን እሰጣችኋለሁ።

## ከመጀመራችሁ በፊት የሚያስፈልጉ

ሶፍትዌር። የምሰጣቸው ምሳሌዎች በአብዛኛው በሪፐር ናቸው። ሙሉውን ፕሮግራም 60 ቀን መሞከር ይቻላል፤ ዊንዶውስ፣ ማክና ሊኑክስ ላይም ይሠራል። ሌላ ካላችሁ በሱ ቀጥሉ፤ ቅደም ተከተሉ አይለወጥም። ማክ ያላችሁ ከጋራጅባንድ መጀመር ትችላላችሁ።

የድምፅ ፕለጊኖች። ለቤዝና ለኮርድ ሰርጅ ኤክስቲ የሚባለው ነጻ ሲንተሳይዘር ይበቃል። ለድራም ኤምቲ ፓወር ድራምኪት ነጻ ነው። ሁለት ብቻ ጫኑ።

ባለ ገመድ ሄድፎን። ብሉቱዝ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ድምፁን ራሱ ብሉቱዙ ያዘገየዋል፤ ሶፍትዌሩ ውስጥ የምትነኩት የትኛውም ሴቲንግ አያስተካክለውም። «ዘገየብኝ» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ መጀመሪያ የምጠይቀው የሄድፎኑን ዓይነት ነው።

ሚዲ ኪቦርድ። ቢኖር ጥሩ ነው፤ ባይኖርም ኖቱን በማውዝ እንስላለን።

## ደረጃ 1፦ የድምፅ መውጫውን አስተካክሉ

1. የሶፍትዌሩን ሴቲንግ ክፈቱ። ሪፐር ላይ ኦፕሽንስ፣ ከዚያ ፕሪፈረንስ፣ ከዚያ ኦዲዮ ዲቫይስ ግቡ።
2. ዊንዶውስ ላይ ከሆናችሁ የድራይቨሩን ዓይነት አሲዮ (ድምፅ ብዙ ሳይዘገይ እንዲወጣ የተሠራው) አድርጉት። ኦዲዮ ኢንተርፌስ (ኮምፒውተሩ ላይ የሚሰካ የውጭ የድምፅ መሣሪያ) ካላችሁ አምራቹ ለዚያው ዕቃ ያዘጋጀውን አሲዮ ድራይቨር አውርዳችሁ ጫኑ። ኢንተርፌስ ከሌላችሁ አሲዮ ፎር ኦል የሚባለውን ነጻ ድራይቨር ተጠቀሙ። ማክ ላይ ይህን እለፉት፤ ኮር ኦዲዮ አብሮት ይመጣል።
3. ሳምፕል ሬቱን (ድምፁ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚለካ) 44,100 ወይም 48,000 አድርጉት። ከዚያ በላይ አያስፈልጋችሁም።
4. በፈሩን (ኮምፒውተሩ ድምፁን ከማውጣቱ በፊት የሚያጠራቅመውን መጠን) 128 አድርጉት።

የዘገየ ድምፅ ቁልፉ በፈሩ ነው። በ44,100 ሳምፕል ሬት 128 በፈር ወደ 3 ሚሊሰከንድ ይሆናል፤ 1,024 ደግሞ ወደ 23 ሚሊሰከንድ። በዚህ ላይ ድራይቨሩና ኢንተርፌሱ የራሳቸውን ይጨምሩበታል። 3 ሚሊሰከንዱን አትሰሙትም። 23ቱ ላይ ግን ጣታችሁና ድምፁ ይለያያሉ።

ድምፁ ከተንጫጫ፦ ኮምፒውተሩ አልቻለም ማለት ነው። በፈሩን ወደ 256፣ ካልበቃ ወደ 512 ከፍ አድርጉ። ለመቅዳት ዝቅ፣ ለሚክስ (ትራኮቹን ለማመጣጠን) ከፍ ማድረግ የተለመደ አሠራር ነው።

«መሣሪያው አልተከፈተም» ካለ፦ ሌላ ፕሮግራም ይዞታል። ብራውዘሩንና ማጫወቻውን ዝጉና እንደገና ሞክሩ። አሲዮ ፎር ኦል በተለይ መሣሪያውን ለብቻው መያዝ ይፈልጋል።

## ደረጃ 2፦ የኢንስትሩመንት ትራክ ክፈቱ

1. አዲስ ትራክ ስትከፍቱ የኢንስትሩመንት ወይም የሚዲ ትራክ ምረጡ፤ የኦዲዮ ትራክ አይደለም። ሪፐር ላይ የትራክ ዓይነት ስለሌለ ከትራክ ሜኑ ውስጥ ቨርቹዋል ኢንስትሩመንት በአዲስ ትራክ ላይ የሚያስገባውን ምረጡ።
2. ከዝርዝሩ ሰርጅ ኤክስቲን ምረጡ።
3. ፕለጊኑ ሲከፈት አንድ የፒያኖ ወይም የኪቦርድ ድምፅ ጫኑበት።

ፕለጊኑ ዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ፦ መጀመሪያ ዓይነቱን አረጋግጡ። ጋራጅባንድና ሎጂክ የሚቀበሉት ኤዩ የሚባለውን ብቻ ነው፤ ቪኤስቲ ብትጭኑላቸው አያዩትም። ዊንዶውስ ላይ ደግሞ ቪኤስቲ3 ፕለጊኖች የሚቀመጡት ፕሮግራም ፋይልስ ውስጥ ባለው የኮመን ፋይልስ ፎልደር፣ ቪኤስቲ3 የሚል ንዑስ ፎልደር ውስጥ ነው። እዚያ መኖሩን አይታችሁ ከሶፍትዌሩ ሴቲንግ እንደገና ስካን አስደርጉ።

## ደረጃ 3፦ አንድ ኖት አሰሙ

ይህ ደረጃ ሳያልቅ ወደ ፊት አትሂዱ።

1. ኪቦርዱን በዩኤስቢ ሰኩ። ሶፍትዌሩን የምትከፍቱት ከዚያ በኋላ ነው።
2. ሴቲንግ ውስጥ የሚዲ መሣሪያዎችን ዝርዝር ክፈቱና የኪቦርዱን ኢንፑት አብሩ።
3. ትራኩ ላይ የመቅጃውን ቀይ ቁልፍ ተጫኑ። ሞኒተር የሚለውንም (የምትጫወቱትን ወዲያው የሚያሰማችሁን) አብሩ።
4. የትራኩን ኢንፑት «ሁሉም የሚዲ መሣሪያ፣ ሁሉም ቻናል» ላይ አድርጉ።
5. አንድ ቁልፍ ተጫኑ።

ኪቦርድ ከሌላችሁ የኮምፒውተሩን ፊደል ገበታ ተጠቀሙ። ኤብልተን ላይ የኤም ቁልፍ፣ ጋራጅባንድ ላይ ኮማንድና ኬ፣ ኤፍኤል ላይ ኮንትሮልና ቲ ያበሩታል። ሪፐር ላይ አልትና ቢ ስትጫኑ ቨርቹዋል ኪቦርዱ ይመጣል፤ ነገር ግን የሚሠራው የራሱ መስኮት ሲመረጥ ነው። ሌላ ቦታ ክሊክ ካደረጋችሁ ዝም ይላል።

### ድምፅ ከሌለ

ሁሉንም ነገር መነካካት አትጀምሩ። መንገዱን ለሁለት የሚከፍል አንድ ሙከራ አለ። የፕለጊኑን መስኮት ክፈቱ። ብዙዎቹ ትንሽ የፒያኖ ገበታ አላቸው። በማውዝ አንድ ቁልፍ ንኩ።

ድምፅ ከሰጠ ፕለጊኑና የኦዲዮ መሣሪያው ጤነኛ ናቸው፤ ችግሩ ከፕለጊኑ በፊት ነው። በዚህ ቅደም ተከተል ፈትሹ፦ ቀዩ ቁልፍ በርቷል? ሞኒተር በርቷል? ኢንፑቱ ኪቦርዳችሁ ላይ ነው? ኪቦርዱ ላይ ያለው የኦክታቭ ቁልፍ ሳታውቁት ተነክቶ እጅግ ወርዶ ወይም ወጥቶ ይሆን? ዊንዶውስ ላይ ደግሞ ኪቦርዱን ሌላ ፕሮግራም ቀድሞ ይዞት ሊሆን ይችላል፤ ዝጉት።

ድምፅ ካልሰጠ ችግሩ ፕለጊኑ ላይ ወይም ከፕለጊኑ በኋላ ነው። ፕለጊኑ ውስጥ ድምፅ ተጭኗል? ሳምፕለር የሚባሉት፣ የተቀዳ ድምፅ የሚያጫውቱ ፕለጊኖች፣ ባዶ ሆነው ስለሚከፈቱ ብዙ ሰው ይሸወዳል። ቀጥሎ የትራኩን ሜትር (የድምፁን መጠን የሚያሳየውን) እዩ። ሜትሩ እየተንቀሳቀሰ የማትሰሙ ከሆነ መውጫው ወደ ሌላ ዕቃ ሄዷል፤ ወደ ደረጃ 1 ተመለሱ። ሜትሩ ካልተንቀሳቀሰ ትራኩ ሚዩት ተደርጎ (ድምፁ ተዘግቶ) ወይም ፕለጊኑ ጠፍቶ እንደሆነ እዩ።

ኖቱ አላቆም ካለ፦ «አቁም» የሚለው ትእዛዝ መንገድ ላይ ቀርቷል። ፓኒክ ወይም ኦል ኖትስ ኦፍ የሚለውን ትእዛዝ ፈልጋችሁ ተጫኑ። ኤፍኤል ላይ ኮንትሮልና ኤች ነው።

## ደረጃ 4፦ ሜዳውን አዘጋጁ

ቴምፖውን (ፍጥነቱን) 90፣ አቆጣጠሩን 4/4፣ ግሪዱን (ኖት የሚቀመጥባቸውን መስመሮች) 1/16 አድርጉ። ሜትሮኖሙን (ምቱን እየመታ የሚቆጥረውን) አብሩ። የመጀመሪያውን ባር ባዶ ተዉትና ሥራችሁን ከ2ኛው ባር ጀምሩ፤ እስከ 9ኛው መጨረሻ 8 ባር ይሆናል። ባዶው ባር ምክንያት አለው። ስትቀዱ የመጀመሪያውን ኖት ትንሽ ቀድማችሁ ልትነኩት ትችላላችሁ። ከፊት ቦታ ከሌለ ያ ኖት ይጠፋል፤ እናንተም «አንደኛው ኖት የት ሄደ?» ስትሉ ትውላላችሁ።

አሁን ፕሮጀክቱን ስም ሰጥታችሁ ሴቭ አድርጉ።

## ደረጃ 5፦ ድራሙን ሳሉ

ሁለተኛ ትራክ ክፈቱና የድራም ፕለጊኑን ጫኑበት። ሪፐር ላይ 2ኛውን ባር በማውዝ ምረጡ፣ ኢንሰርት ከሚለው ሜኑ አዲስ የሚዲ አይተም አስገቡ፣ ደብል ክሊክ አድርጉት። የሚከፈተው መስኮት ፒያኖ ሮል ነው። ወደ ላይና ወደ ታች ኖቱ፣ ወደ ቀኝ ደግሞ ጊዜው ነው።

በብዙዎቹ የድራም ፕለጊኖች ላይ ቦታዎቹ እነዚህ ናቸው፦ ኪክ (በእግር የሚመታው ትልቁ ድራም) 36፣ ስኔር (ስለታም ድምፅ ያለው ድራም) 38፣ የተዘጋ ሃይሃት (ጥንድ ሲምባል) 42፣ የተከፈተ ሃይሃት 46፣ ክራሽና ራይድ የሚባሉት ሲምባሎች 49 እና 51። ይህ ጀነራል ሚዲ የሚባለው አቀማመጥ ነው። ሁሉም ፕለጊን አይከተለውም። ኪክ ስትጠብቁ ቶም ከሰማችሁ የግራውን ገበታ በማውዝ እየነካካችሁ ኪኩን ፈልጉት።

ግሪዱ 1/16 ስለሆነ አንድ ባር 16 ሳጥን አለው። በዚህ ቅደም ተከተል አስቀምጡ፦

1. ስኔር፦ 5 እና 13 ላይ።
2. ኪክ፦ 1፣ 9 እና 11 ላይ።
3. የተዘጋ ሃይሃት፦ 1፣ 3፣ 5፣ 7፣ 9፣ 11፣ 13፣ 15 ላይ።

በስኔር የጀመርኩት ሆን ብዬ ነው። ስኔሩ ቦታውን ከያዘ ሌላው ሲሳሳት ጆሮ ቶሎ ይለየዋል።

አጫውቱት። ከተመቻችሁ ባሩን ቅዱና 3ኛው ባር ላይ ለጥፉ። በቅጂው ላይ 15ኛውን የተዘጋ ሃይሃት አጥፉና በቦታው የተከፈተውን አስቀምጡ። ሁለቱን አንድ ሳጥን ላይ አትደራርቡ፤ እውነተኛ ሃይሃት በአንድ ጊዜ ተዘግቶም ተከፍቶም አይሆንም፣ ጆሮም ወዲያው ያውቅበታል። አሁን የ2 ባር ድራም አላችሁ። 4 ጊዜ ደጋግሙትና 8 ባር ሙሉ።

ማስጠንቀቂያ፦ አንዱን ቅጂ ስትለውጡ ሌሎቹም ከተለወጡ ቅጂዎቹ የተያያዙ ናቸው። ኤፍኤል ላይ አንድን ፓተርን ደጋግሞ ማስቀመጥ እንዲህ ያደርጋል። አንዱን ብቻ መለወጥ ስትፈልጉ መጀመሪያ ሜክ ዩኒክ በሚለው ለዩት።

## ደረጃ 6፦ ኮርዱን አስገቡ

ወደ መጀመሪያው የኪቦርድ ትራክ ተመለሱ። አራት ኮርድ እንጠቀማለን፣ ለእያንዳንዱ አንድ ባር፦

- ኤ ማይነር፦ 57፣ 60፣ 64
- ኤፍ፦ 57፣ 60፣ 65
- ሲ፦ 55፣ 60፣ 64
- ጂ፦ 55፣ 59፣ 62

ቁጥሮቹን ልብ በሉ። ከኤ ማይነር ወደ ኤፍ ስንሄድ የተነቃነቀው አንድ ኖት ብቻ ነው፤ 64 ወደ 65። ጀማሪ ብዙውን ጊዜ አንድ የእጅ ቅርጽ ይዞ ከላይ ታች ይዘልበታል። ያኔ እያንዳንዱ ኮርድ ብቻውን የቆመ ይመስላል። በሚጋሩት ኖት ላይ እየቆያችሁ ከሄዳችሁ ግን አንዱ ወደ ሌላው ይፈስሳል።

በማውዝ ከሳላችሁ እያንዳንዱን ኖት አንድ ባር ሙሉ አድርጉት። መጨረሻውን ግን ከሚቀጥለው ባር መጀመሪያ ትንሽ አሳጥሩት። አራቱን ባር ጨርሳችሁ አንዴ ድገሙት።

በእጃችሁ የምትጫወቱ ከሆነ የ1 ባር ቅድመ ቆጠራ አብሩና ቅዱ። ስህተት ስትሠሩ አታቁሙ፤ እስከ መጨረሻው ተጫወቱና በኋላ ኖቱን ጎትታችሁ አስተካክሉት። ሚዲ ከኦዲዮ የሚሻልበት ትልቁ ነገር ይህ ነው።

ሁሉም ኖት በእኩል መጠን ከዘገየ፦ አጨዋወታችሁ ደህና ነው፤ ያዘገየው መሣሪያው ነው። ሁሉንም ምረጡና አንድ ላይ ወደ ግራ ግፉ። ከዚያ በፈሩን እዩ።

## ደረጃ 7፦ ቤዙን ከኪኩ ጋር እሰሩ

ሦስተኛ ትራክ ክፈቱና የቤዝ ድምፅ ጫኑበት። ኖቶቹ በኮርዶቹ ቅደም ተከተል 33፣ 29፣ 36፣ 31 ናቸው። እያንዳንዱን በባሩ ውስጥ ኪክ ባለበት አስቀምጡ፤ ሳጥን 1፣ 9 እና 11 ላይ።

ርዝመታቸው እኩል መሆን የለበትም። የመጀመሪያውን እስከ 6ኛው ሳጥን ድረስ ዘርጉት። የ9ኛውን አሳጥሩት። የ11ኛውን እስከ 14ኛው አድርሱት። በመካከል የሚቀረው ዝምታ ሙዚቃውን ያስተነፍሰዋል።

ቤዙ አንዳንድ ቦታ ተቆርጦ ከጠፋ፦ ሁለት ተመሳሳይ ኖቶች ተደራርበዋል። የመጀመሪያው ሲያልቅ የሚልከው «አቁም» ሁለተኛውንም ያቆመዋል። አጉልታችሁ ተመልከቱና የፊተኛውን ጫፍ አሳጥሩ።

ቤዙ ከናካቴው ካልተሰማ፦ በላፕቶፕ ስፒከር እየሰማችሁ ነው? 33ኛው ኖት 55 ኸርዝ ነው። ትንሽ ስፒከር ያን ያህል አይወርድም። ሄድፎን አድርጉ እንጂ ቮልዩሙን አትጨምሩ።

## ደረጃ 8፦ ነፍስ ዝሩበት

አሁን አጫውቱት። ሁሉም በቦታው ነው፤ ግን ደረቅ ነው። የምሳሌዬ ድራም አሁን ባለበት ሁኔታ ሁሉንም ምት በአንድ ኃይል፣ በአንድ ሰዓት ላይ እየመታ ነው። ሰው እንዲህ አይመታም። ከዚህ በታች ያለው ሥራ ረጅም ሊመስል ይችላል፤ ሆኖም ከአጠቃላዩ ሥራ ለውጡ ጎልቶ የሚሰማው እዚህ ነው። ጊዜያችሁን ስጡት።

### መጀመሪያ ቨሎሲቲ

ፒያኖ ሮሉ ስር የቨሎሲቲ ዘንጎች አሉ። ከሃይሃቱ ጀምሩ። ምቱ ላይ ያሉትን፣ ማለትም ሳጥን 1፣ 5፣ 9 እና 13ን፣ ወደ 95 አድርጉ። በመካከል ያሉትን፣ 3፣ 7፣ 11 እና 15ን፣ ወደ 65 አውርዱ። አጫውቱ። ሌላ ምንም ሳትነኩ ድራሙ መወዛወዝ ይጀምራል።

ቀጥሎ ኪኩ፦ 1ኛው 110፣ 9ኛው 100፣ 11ኛው 85። ስኔሩ፦ 5ኛው 100፣ 13ኛው 106። ከዚያ 8ኛው ሳጥን ላይ አንድ ተጨማሪ ስኔር አስቀምጡና ወደ 30 አውርዱት። እንደ ምት ሳይሆን እንደ ሹክሹክታ መሰማት አለበት። ጎልቶ ከተሰማችሁ በዝቷል፤ ስታጠፉት አንድ ነገር የጎደለ ከመሰላችሁ ልኩን አግኝታችኋል።

ቨሎሲቲ የድምፅ ከፍታ ብቻ አይደለም። በጥሩ የድራምና የፒያኖ ፕለጊኖች ቀስ ተብሎ የተመታውና በኃይል የተመታው ተለይተው የተቀዱ ናቸው። ቁጥሩ ሲለወጥ የሚጫወተው ቅጂ ራሱ ይለወጣል። ስለዚህ የትራኩን ቮልዩም ዝቅ ማድረግ ቨሎሲቲን አይተካም።

በኮምፒውተር ፊደል ገበታ የቀዳችሁ ሰዎች በተለይ ይህን ክፍል አትዝለሉት። የፊደል ገበታ የጣትን ኃይል ስለማያውቅ ሁሉንም ኖት በአንድ ቁጥር ነው የሚጽፈው። በኮርዶቹ ላይ የላይኛውን ኖት ከሌሎቹ ከ8 እስከ 10 ከፍ አድርጉት፤ ዜማው ከላይ ይሰማል።

### ቀጥሎ ጊዜ

በ90 ቴምፖ አንድ ምት ወደ 667 ሚሊሰከንድ፣ አንድ ሳጥን ደግሞ ወደ 167 ሚሊሰከንድ ነው። ከሳጥኑ መስመር 10 ሚሊሰከንድ መውጣት ስህተት ሆኖ አይሰማም፤ ስሜት ሆኖ ይሰማል። ግሪዱ ላይ መጣበቁን፣ ማለትም ስናፕን፣ አጥፉና ስኔሮቹን ብቻ በጥቂቱ ወደ ቀኝ ግፉ። አንድን ምት ለ960 ቲክ በሚከፍል ሶፍትዌር 10 ሚሊሰከንድ ወደ 14 ቲክ ይሆናል። ኪኩን አትንኩት። አንድ ነገር መስመሩ ላይ ካልቆመ ሌላው የዘገየ መሆኑ አይታወቅም።

ሂዩማናይዝ የሚባል ቁልፍ አለ፤ ሁሉንም በዘፈቀደ ይበትናል። እኔ አልመክረውም። ጎበዝ ድራመር ስኔሩን ሲያዘገይ በዘፈቀደ አይደለም፤ በየባሩ እንደዚያው ያዘገየዋል።

### በእጅ ለቀዳችሁ፦ ኳንታይዝ

1. ኖቶቹን ምረጡ።
2. ኳንታይዝ ኖቶችን ወደ ግሪዱ መስመር የሚጎትት ትእዛዝ ነው፤ መስኮቱን ክፈቱ። ሪፐር የሚዲ መስኮት ውስጥ ኪው፣ ኤፍኤል ላይ አልትና ኪው፣ ኤብልተን ላይ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ዩ ናቸው።
3. ከተጫወታችሁት ጋር የሚሄድ ግሪድ ምረጡ። ከ1/8 ያላነሰ ነገር ከተጫወታችሁ 1/8 እንጂ 1/16 አትምረጡ።
4. ጥንካሬውን ከ50 እስከ 70 በመቶ አድርጉ። 100 ካደረጋችሁት የእጃችሁን አሻራ ጨርሶ ያጠፋዋል።

ኖቶች ወደ ተሳሳተ ቦታ ከዘለሉ፦ ኳንታይዝ ኖቱን የሚወስደው ወደሚቀርበው መስመር ነው። የ1/16 ሳጥን ግማሽ 83 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው፤ ከዚያ በላይ ከዘገያችሁ የሚቀርበው መስመር ቀጣዩ ይሆናል። ኳንታይዙን ወደ ኋላ መልሱና ያንን ኖት ብቻ በእጅ አስተካክሉት፤ ከዚያ ኳንታይዙን ድገሙት።

## ደረጃ 9፦ ፔዳሉን አጽዱ

በሰስቴይን ፔዳል (ኖቱ እንዲቆይ በእግር የሚረገጠው) ያልቀዳችሁ ይህን እለፉ። ፔዳል በሚዲ ቋንቋ ኮንትሮለር 64 ነው። ከ0 እስከ 63 ያለው ልቀቅ፣ ከ64 ጀምሮ ያለው ያዝ ማለት ነው። ፔዳሉን ሳትለቁ ቀረጻውን ካቆማችሁት «ያዝ» የሚለው ብቻ ይቀራል፤ ኮርዶቹም እየተደራረቡ ይታፈናሉ። የኮንትሮለር 64ን መስመር ክፈቱና መጨረሻው ላይ 0 አስቀምጡ። ኮርድ በተቀየረ ቁጥርም ፔዳሉ ለአፍታ መለቀቁን አረጋግጡ።

ፔዳሉ በተቃራኒው ከሠራ፣ ሲረገጥ ለቆ ሲለቀቅ ከያዘ፣ ኪቦርዱን አጥፉ። ፔዳሉን ሳትረግጡ ሰኩና ኪቦርዱን መልሳችሁ አብሩ። ብዙ ኪቦርዶች ሲበሩ ነው የፔዳሉን ዓይነት የሚያውቁት።

## ደረጃ 10፦ ወደ ኦዲዮ ቀይሩት

እዚህ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ኤክስፖርት ስትሉ የሚዲ ፋይል የሚል አማራጭ ታያላችሁ። ያ ትእዛዙን ብቻ ነው የሚያወጣው፤ ድምፁ አብሮት አይሄድም። ለሰው ብትልኩት የሚሰማው የራሱ ኮምፒውተር የሰጠውን ድምፅ ነው። ስለዚህ፦

1. የሦስቱንም ትራኮች ቮልዩም አውርዱና የማስተሩ (የጠቅላላው ድምፅ) ሜትር ከፍተኛ ጫፍ ወደ −6 ዴሲቤል አካባቢ እንዲሆን አድርጉ። ቀይ ከነካ የትራኮቹን ቮልዩም ቀንሱ።
2. ከ2ኛው ባር መጀመሪያ እስከ 9ኛው መጨረሻ ምረጡና ከጀርባው ሌላ 1 ባር ጨምሩ። ሳትጨምሩ ከቀራችሁ የመጨረሻው ኮርድ ጅራት ይቆረጣል።
3. ሬንደር፣ ባውንስ ወይም ኤክስፖርት ኦዲዮ የሚለውን ክፈቱ። ዌቭ፣ 24 ቢት፣ ሳምፕል ሬቱንም ፕሮጀክቱ ባለበት አድርጉ።
4. የወጣውን ፋይል ከሶፍትዌሩ ውጭ፣ በሌላ ማጫወቻ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ስሙት።

ፋይሉ ባዶ ከሆነ፦ የተመረጠው የጊዜ ክልል ሌላ ቦታ ነው፣ ወይም ሶሎ የተደረገ (ለብቻው እንዲሰማ የተደረገ) ባዶ ትራክ አለ።

አንድ መሣሪያ ከጠፋ፦ አንዳንድ ፕለጊኖች ከእውነተኛው ጊዜ በላይ ፈጥኖ የሚሄድ ሬንደርን አይችሉም። ፍጥነቱን ወደ ሪልታይም ወይም አንድ እጥፍ ቀይራችሁ ድገሙት።

በመጨረሻም እያንዳንዱን ትራክ ለየብቻው ዌቭ አድርጋችሁ ከፕሮጀክቱ ጋር አንድ ፎልደር ውስጥ አስቀምጡ። ሁሉም ከአንድ ቦታ፣ ከ2ኛው ባር መጀመሪያ፣ ይጀምሩ። ፕለጊኑ ከአዲስ ኮምፒውተር ጋር ባይስማማ ወይም ሥራውን ሚክስ ለሚያደርግላችሁ ሰው መላክ ብትፈልጉ፣ ሦስቱን ፋይሎች አንድ መስመር ላይ አሰልፎ ማጫወት ብቻ ነው የሚቀረው።